የጠፈር ፊልሙን መጨረሻ ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ይህ ነገር ያስከፈለኝ አንድ የቪዲዮ ካሴት፣ በነፃ የቀረጽኩት አንድ ሰርግና ሦስት ክርስትና፣ ከዚያም በላይ ግርማ ቤት በተጋበዝኩ ቁጥር አንገቴን ደፍቼ መብላት ነው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ንስሐ አባቴን እንኳ ደበቅኳቸው፤ እሳቸውም ከእኔ ካሴት ይከራዩ ስለነበር ደንበኛ ማጣት አልፈለግሁም። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። የካሴት ዘመን አልፏል፤ ከእናንተ የምፈራው ኪሳራ የለም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ቶሮንቶ ውስጥ፣ ዳንፎርዝ መንገድ ላይ፣ ከክሬሰንት ታውን ፎቆች ወረድ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ፊት ለፊት በርበሬና ሽሮ፣ ከጀርባ ካሴት። ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራ ተሸክሜ ሰርግ እቀርጻለሁ። ትምህርቴ መርካቶ ነው፤ ዲፕሎማ አልሰጡኝም፣ ግን አላባረሩኝም።

ግርማ ታክሲ ነጂ ነው፤ ጓደኛዬ። ካናዳ ከመግባቱ በፊት ሮም ላይ ሁለት ዓመት ቪዛ ጠብቋል። ስደተኞቹ ባረፉበት ፔንሲዮን ሳሎን ውስጥ፣ ጃፓኖች በሥዕል የሠሩት የጠፈር ተከታታይ ፊልም በጣሊያንኛ ይታይ ነበር። ጣሊያንኛውን የምትተረጉምለት ጽጌ ነበረች፤ የሰው ቤት ትሠራለች፣ ከሥራ ስትወጣ አጠገቡ ቁጭ ትላለች። በታሪኩ ውስጥ አንድ የጠፈር መርከብ አዛዥ አለ። ወደ ጦርነት ሲሄድ የሚወዳትን ልጅ ጨረቃ ላይ ባለ ጣቢያ ትቷት ይሄዳል። ይመለሳል ወይስ አይመለስም? ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው።

የግርማ ቪዛ የመጣው ተከታታዩ ሳያልቅ ነው። ጽጌን «አስመጣሻለሁ» ብሏት በረረ። አላስመጣትም። መጀመሪያ ሥራ አጣ፣ ሥራ ሲያገኝ ዘገየሁ ብሎ አፈረ፣ ባፈረ ቁጥር ደግሞ የባሰ ዘገየ።

አንድ ቀን ሱቄ መጥቶ ጃፓኖቹ ያንን ተከታታይ አሳጥረው ለሲኒማ እንዳወጡት ሰማሁ አለኝ።

«በናትህ ፈልግልኝ። መጨረሻውን ማየት አለብኝ።»

«ጽጌን ጠይቃት፤ እሷ አይታው የለ?»

«እሷን ለመጠየቅማ መደወል ሊኖርብኝ ነው!»

«ታዲያ ደውልላታ!»

«አዛዡ ከተመለሰ እደውላለሁ።»

«አንተ ሰውዬ፣ አርባ ሊሞላህ ነው፤ በካርቱን ዕጣ ትጥላለህ?» ብዬ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ያኔ መጠንቀቅ ነበረብኝ።

ካሴቱን ስፓዳይና ካለው ቻይና ታውን ፈልጌ አመጣሁ። ጃፓንኛ ነው፤ ግን ሥዕሉ ራሱ ይናገራል። ንጹሕ መሆኑን ላረጋግጥ አጫወትኩት፤ ሊያልቅ ሲል ደንበኛ ገባና አቆምኩት። ቅዳሜ ሰርግ ስለነበረኝ በዚያው ለግርማ አደርስለታለሁ ብዬ ካሜራ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ኃጢአቴ ከዚህ ይጀምራል። የሰርጉ ካሴት ያለቀብኝ የሙሽራዋ አክስት ልትጨፍር መሀል ስትገባ ነው። ያቺን አክስት ሳይቀርጽ የወጣ ሰው ዳንፎርዝ ላይ ዳግመኛ ሰርግ አያይም። ቦርሳዬን ዳበስኩ፤ ከግርማ ፊልም በቀር ሌላ የለም። የተቀዳ ፊልም ሌላ ነገር እንዳይቀዳበት ከካሴቱ ጀርባ ያለችው ትንሽ ፕላስቲክ ተሰብራ ትመጣለች። እኛ ግን መድኃኒቱን እናውቃለን፤ ቀዳዳውን በፕላስተር መድፈን ነው። ደፈንኩ። እኔ ነኝ የደፈንኩት፣ እኔ ነኝ የቀዳሁት። «ከዚህ ወዲያ የቀረው የሠራተኞች ስም ዝርዝር ነው» ብዬ ራሴን አጽናንቼ ፊልሙን ካቆምኩበት ጀምሬ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቀዳሁ።

ሰኞ ሱቅ ውስጥ ከፈትኩት። መርከቡ ፀሐይን ታክኮ አለፈ፣ አዛዡ ዓይኑን ገለጠ፣ ሙዚቃው ከፍ፣ ከፍ አለና... አክስቲቱ ገባች። ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ፣ ትከሻዋ ፊቴ ድረስ መጣ።

«ወንድሜ፣ አጠፋሁ» ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ሁለት። እኔ ሁለቱን ቃል ሰስቼ መቶ ቃል ዋሸሁ። ግርማ ሲመጣ መጨረሻውን ማሽን በላው አልኩት። ግን እኔ አይቼዋለሁ አልኩት። የት አይቼ? ፊቱን ብቻ አየሁ፤ ደንበኛ የሚፈልገውን ከፊቱ ማንበብ እንጀራዬ ነው።

«ተመለሰ?»

«ተመለሰ» አልኩ። ምርቃትም ጨመርኩበት፦ «ጸጉሩ ሸብቶ። እሷም በሩ ላይ ቆማ ‹ዘገየህ› አለችው።»

ግርማ ወደ ታክሲው ወጣ። በዚያው ቀን ሮም ደወለ።

ዓመት ሳይሞላ ጽጌ ቶሮንቶ ገባች። ሰርጋቸውን እኔ ቀረጽኩ፤ ያን ቀን ባዶ ካሴት አራት ይዤ ነበር። ካሜራውን ስጠምድ ሙሽሪት ጠጋ አለችኝ።

«ግርማ ነገረኝ። ፊልሙ ላይ ‹ዘገየህ› አለችው አሉ።»

«አዎ» አልኩ።

«እኔ ሮም ሆኜ እስከ መጨረሻው አይቼዋለሁ፣ ወንድሜ። አልተመለሰም።»

«ለሲኒማ ሲያወጡት ቀይረውት ይሆናላ።»

«ይሆናላ» አለችና ቬሏን አስተካከለች። «ለመሆኑ ለሰርግ ስንት ታስከፍላለህ?»

«ለእናንተማ በነፃ ነው!»

«ክርስትናም ይኖራል።»

«እሱም በነፃ።»

እንግዲህ መጨረሻው አማረ ትሉኛላችሁ። አትበሉ። ይህችን ማጽናኛ እኔም ለራሴ ስንት ዓመት ሸጥኳት! ጽጌ አግብታ ቢሆንስ? ስልኩን ጆሮው ላይ ብትዘጋበትስ? ያን ጊዜ ይህን አስቤ ነበር? አላሰብኩም። «ተመለሰ» ብዬ ወዲያው በርበሬ መመዘን ነበር የጀመርኩት። ሃያ ደቂቃ ካሴት ለመሸፈን የጓደኛዬን ልብ አስያዝኩ። ከመያዣ ያወጣችልኝ ጽጌ ናት፤ በየድግሱ ግን «አገናኛቸው» ተብዬ የምመረቀው እኔ ነኝ፤ እኔም አሜን እላለሁ።

ይባስ ብሎ ቆየት ብዬ ሌላ ቅጂ አገኘሁ። ብቻዬን አየሁት። ለሲኒማም አልቀየሩትም። ካሴቱን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ ይኸው እስከ ዛሬ አልሰጠሁትም፤ ይህን እንኳ በአክስቲቱ ማሳበብ አልችልም። ግርማ፣ ይህን ካነበብክ ካሴቱ ያንተ ነው፤ ማጫወቻ ግን ከየትም ብለህ ይዘህ ና። ይቅር በለኝ አልልህም፤ መጀመሪያ እየው።

ሂሳቡ ይኸውና፦ አንድ ካሴት ተበላሽቷል። አንድ ውሸት እስከ ዛሬ አልታረመም። አንድ ትዳር ቆሟል። አዛዡ አልተመለሰም።