የገዳሪፍ አዳዲስ ቤቶችና የአንዲት አራስ አልጋ

ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፤ መተማ

ከመተማ ስነሳ ሰማዩ ገና አልተገለጠም። ኬላው በተከፈተ ሰሞን ስለሆነ ወደ ጋላባት በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። የበርበሬ ጆንያ የተሸከመ አለ፤ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ያደረገ የሰሊጥ አጫጅ አለ፤ ዶሮዎቿን እግራቸውን አስራ በዘንቢል የያዘች ሴት አለች። እኔ የያዝኩት አንድ ቦርሳና ካሜራዬን ነው። ለአንድ ጋዜጣ ስለ ቤት አሠራር እጽፋለሁ። ከጦርነቱ ወዲህ ገዳሪፍ ከካርቱም በሸሸ ሰው ተጥለቅልቃለች፤ ይህን ሁሉ ሰው የምታስጠልለው ምን እየገነባች እንደሆነ ለማየት ነው የምሄደው። ያየሁትን እጽፋለሁ። ያደረግሁትንም አብሬ ካልጻፍኩ ግን ጽሑፉ ውሸት ይሆንብኛል።

ረፋድ፤ ዶካ

ከጋላባት የያዝኩት መኪና ሾፌር ገብሬ የጎንደር ሰው ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ነው ያረጀው። በግራም በቀኝም ያለው ሜዳ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥቁር ዋልካ፣ የተከመረ ሰሊጥ፣ እንደገና ጥቁር ዋልካ። ዶካ ላይ ለቁርስ ወረድን። ፉሉ በሰሊጥ ዘይት ርሷል፣ ዳቦው ትኩስ ነው። ከፊታችን ቆርቆሮ የጫነ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ።

"ድሮ በዚህ መንገድ ሣርና እንጨት ነበር የምጭነው፣ ለጎጆ" አለ ገብሬ እጁን እየጠረገ። "አሁን ሣሩ የሚበቅልበትን ትራክተር አረሰው። እንጨቱም አለቀ። ሰው ሁሉ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል።"

"ሙቀቱስ?"

"ሙቀቱንማ ይችሉታል። ምን ያድርጉ?"

ከሰዓት በኋላ፤ ገዳሪፍ

ገዳሪፍ ከሩቅ የምትታየው በትልቁ የእህል ጎተራዋ ነው። ውስጧ ሲገባ ግን ዓይን የሚያርፍበት ያጣል፤ ባለ ሦስት እግሮቹ ራክሻዎች፣ የአሸዋ ክምር፣ የብረት ዘንግ የሚጎትት የአህያ ጋሪ፣ በየአጥሩ ሥር ፍራሽ። ያረፍኩት ሐጅ ኑሩ ቤት ነው። ሐጅ ከጎንደር ወጥተው እዚህ የኖሩ የሲሚንቶና የብረት ነጋዴ ናቸው፤ ከአባቴ ጋር በወጣትነታቸው ይተዋወቃሉ። ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ ገና ከበር ሳልገባ ውሃ አቀረቡልኝ፣ ለብቻዬም አንድ ክፍል ለቀቁልኝ።

ማታ ሐጅ የከተማዋን ግንባታ ሲያስረዱኝ ቆዩ። ጓሮ ያለው ሁሉ ጓሮው ውስጥ የሚከራይ ክፍል ይሠራል። በቡሎን ተገጣጥሞ ባጭር ጊዜ የሚቆም የፓነል ቤት ገብቷል፤ ውድ ነው፣ ግን አያስጠብቅም። መብራት ስለማይታመን ሶላር የሌለበት ጣሪያ የለም።

"ቀድሞ ሰው ቤት ሠርቶ ነበር መብራት የሚያስገባው" አሉ ሐጅ። "አሁን መጀመሪያ ሶላሩን ይገዛና ከሥሩ ቤት ይሠራለታል።"

ሳቅን። ጥሩ ጽሑፍ እንደሚወጣኝ እርግጠኛ ሆኜ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ጠዋት፤ ከከተማው ዳር

ሐጅ የአንድ ደንበኛቸውን አዲስ ፎቅ እንዳይ ደውለው አስፈቀዱልኝ። ባለቤቱ ሱዳናዊ የሰሊጥ ነጋዴ ነው፤ ነጭ ጀላቢያ የለበሰ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው። ያደግሁት መተማ ገበያ ውስጥ ስለሆነ በዓረብኛ እንግባባለን።

ቤቱ በእውነት ያምራል። ጡቡ እሳት አላየም። አፈር ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ይቦካና በእጅ በሚሠራ ማሽን ተጨምቆ በጥላ ይደርቃል። "ለመተኮሻ የሚሆን እንጨት ከየት ይመጣል?" አለኝ ሰውየው። መሠረቱ ላይ ብዙ ደክሟል። የዚህ አገር ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ዋልካውን አስቆፍሮ አውጥቶ በጠጠር አስሞልቶታል። ቀዩን ግድግዳ ስዳስሰው ለስላሳ ነበር፣ ጠርዙ እንደ ሳሙና የተቆረጠ።

ፎቶ ላነሳ ወደ ኋላ ራቅ አልኩ። ከታች ካሉት ክፍሎች አንዱ በር የለውም፤ በበሩ ፈንታ ሰማያዊ ሸራ ተወጥሮበታል። አጠገቡ ገመድ ላይ ትናንሽ ጨርቆች ተሰጥተዋል። የሕፃን ጨርቆች ናቸው። አይቻቸዋለሁ፤ የሕፃን መሆናቸውንም አውቄያለሁ።

"ያ ሸራና ያ ገመድ ባይኖሩ ግድግዳው ጎልቶ ይወጣ ነበር" አልኩ።

ሰውየው ዘበኛውን ጠርቶ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው፤ እኔን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ያለ የፓነል ቤት ሊያሳየኝ ይዞኝ ሄደ። ስንመለስ ሸራውም ገመዱም የሉም። ማን ይኖርበት እንደነበር አልጠየቅሁም። የጠዋቱ ብርሃን ሳያልፍብኝ ቶሎ ቶሎ አነሳሁ። ከሁሉ ጥሩ የወጣውን ለአዘጋጄ ላክሁ፤ ባለቤቱም ስለለመነኝ ለእሱም በስልኩ ላክሁለት።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፤ የሐጅ ሱቅ

ሱቁ ውስጥ ከሐጅ ጎን ተቀምጬ ካሜራዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ፎቶዎቹን እያየሁ ነበር። ሲሚንቶ የሚያወርድላቸው አንድ ወጣት ገባ። ደሴ ይባላል፣ የአርማጭሆ ልጅ ነው። ከእግር እስከ ራሱ በሲሚንቶ ነጭ ሆኗል።

"ሐጅ፣ ነገን ይፍቀዱልኝ" አለ።

"ምን ገጠመህ?"

"ቤት ልፈልግ ነው። ካለንበት አስነሱን።"

"አራስ ይዘህ?"

"አራስ ይዤ። ያን ቤት ስንሠራ ነበርኩ፤ እስኪያልቅ ኑሩበት ብለውን ነበር። ዛሬ ጋዜጠኛ መጥታ ፎቶ ልታነሳ ነው፣ ላንድ አፍታ ውጪ ብሎ ዘበኛው ሚስቴን ትሁንን አስወጣት። ኋላ ልትገባ ስትል ተከራይ ተገኝቷል፣ ዕቃችሁን አንሱ አላት። ፎቶውን አይተው ነው አሉ የተከራዩት። ትሁን አሁን ከገበያው ጀርባ፣ የሠራተኞቹ ዳስ ውስጥ ናት።"

እጄ ካሜራውን ከነጠላዬ ሥር ሲደብቀው አየሁት። እኔ ያዘዝኩት አይመስለኝም፤ ግን ደበቀው። ሐጅ ወደ እኔ አዩ። ደሴን "ሂድ፣ ፈቅጃለሁ" አሉት። ጀርባውን ሰጥቶ ከበሩ ሊወጣ ሲል ነው አፌ የተከፈተው።

"ጋዜጠኛዋ እኔ ነኝ።"

ዞሮ አየኝ። "እርስዎ ነዎት?" አለ። ሲሚንቶውን ከፊቱ ጠረገና፣ "ምን ያድርጉ፣ ሥራዎ ነው" አለኝ።

ተቆጥቶ ቢለው ይቀለኝ ነበር።

ሐጅ ወዲያው ለፎቁ ባለቤት ደወሉ። ድምፁ ከስልኩ ውጭ ይሰማል። "ማሌሽ ሐጅ፣ ቃል ሰጥቻለሁ። ተከራዮቹም ከካርቱም የሸሹ ናቸው፣ ልጆች አሏቸው፤ እነሱን የት ልመልሳቸው?" ይቅርታ እየጠየቀ ነው፤ ውሸትም አልነበረውም። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት፣ "ለእንግዳህ ሰላም በልልኝ። ፎቶዋ ባይኖር እንዲህ ቶሎ አይከራይልኝም ነበር" አለ።

ማክሰኞ፣ አመሻሽ፤ የሠራተኞች መጠለያ

ሐጅና እኔ ቤት ገብተን ነገሩን ስናወራ እማማ ዘይነባ ከጓዳ ሰሙን።

"እና ተቀምጣችሁ ነው የምታወሩት?" አሉ። ነጠላቸውን አንስተው ወጡ። እኔም ተከተልኳቸው። ራክሻ ይዘን ከገበያው ጀርባ ወዳለው ዳስ ሄድን፤ የቀን ሠራተኞች ሥራ ሲጠብቁ የሚጠለሉበት፣ በእንጨትና በአገዳ የተሠራ ዳስ ነው። ግድግዳ የለውም። ሳምንት ያልሞላት አራስ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን ለነፋሱ ሰጥታ ልጇን በዚያው በሰማያዊው ሸራ ከልላታለች። ደሴ ለማረፊያ የሚሆን ነገር ፍለጋ ሄዷል።

"ተነሽ ልጄ፣ ቤታችን እንሂድ" አሏት እማማ ዘይነባ።

ትሁን ቀና ብላ አንገታቸውን፣ የራስ መሸፈኛቸውን አየች። "እማማ፣ እኛ ክርስቲያን ነን" አለች ቀስ ብላ።

"አራስ ነሽ። እስከ ልጂቱ ክርስትና ድረስ ከቤቴ አትነሺም።"

ሕፃኗን ታቅፈው እሳቸው ቀደሙ። እኔ ሸራውንና ድስቷን ተሸከምኩ። ትሁን ልትቀበለኝ እጇን ዘረጋች፤ ማን እንደሆንኩ አላወቀችም። ራክሻው ውስጥ ነገርኳት። ወደ መንገዱ ዞራ፣ "ፀሐዩ ነበር ያስፈራኝ፣ ለልጂቱ" አለች።

እኔ ያረፍኩበት ክፍል ለእሷ ሆነ። አልጋዬን ግቢው ውስጥ አወጣሁ።

ረቡዕ፤ ገዳሪፍ

ጠዋት እማማ ዘይነባ በማሽላ ዱቄት ገንፎ ሲያገነፉ እኔ የሕፃኗን ጨርቆች አጠብኩ። ትሁን ከውስጥ "ይተዉት፣ ነውር ነው" ትላለች። አልተውኩትም። ጨርቆቹን ገመድ ላይ ሳሰጣ ስልኬ ጮኸ። አዘጋጄ ነው። ፎቶው ወጥቷል፣ ሰው ወዶታል፣ እንዲህ ያለ ንጹህ ፎቶ ከየት አገኘሽ አለኝ። ከስሩ ማስተካከያ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። "ምን ብዬ ልጻፍ? ቤቱ እኮ ቤቱ ነው" አለ።

ፎቶውን ከፍቼ ደግሜ አየሁት። እውነቱን ነው፤ የሚስተካከል ነገር የለበትም። ቀይ ግድግዳ፣ ጥርት ያለ ጥላ፣ ባዶ በር።

የቀረኝ ቀጠሮ ከሰላ ከተማ ነበር፤ ሰረዝኩት። የቀረውን ቀን ከደሴ ጋር ክፍል ፍለጋ ዞርን። የሚከራየው ብዙ ነው፤ በእሱ ኪስ የሚከራይ ግን የለም። ካለፍንባቸው ቤቶች የብዙዎቹን ሲሚንቶ ያቦካው ራሱ ነው፤ ይህን ሳይሆን የመጣበትን መንገድ፣ የአርማጭሆን ዝናብ፣ ልጂቱን ማን ብለው እንደሚጠሯት ነበር የሚያጫውተኝ። ወቀሳ እጠብቅ ነበር፤ አልመጣም።

ሐሙስ፤ መመለሻ

ገብሬ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀኛል። ልሰናበት ገባሁ። ትሁን በገመድ በተጠለፈው አልጋ ላይ ጋደም ብላለች፣ ሕፃኗ ጡት ይዛለች። ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ያዘጋጀሁት የይቅርታ ንግግር ነበረኝ። እሷ ቀደመችኝ።

"እትዬ፣ ሥራዎ ቀናዎ?"

"ቀንቶኛል" አልኩ። እውነትም ነው።

"ተመስገን" አለች። "ይህን ሁሉ አገር ለፍተው መጥተው ባዶ እጅዎን ቢመለሱ ያሳዝነኝ ነበር።"

ፊቷን አየሁት። ሽሙጥ ፈለግሁበት፤ የለም። የሕፃኗን እግር ሳምኩና ወጣሁ።

ዶካን አልፈን፣ ጋላባት ደርሰን፣ ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ መተማ ስገባ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። እህቴ በር ላይ ተቀበለችኝ። "እንዴት ነበር? የተባለው አዲሱ አሠራር እውነት ነው?" አለችኝ። ስለ ጡቡ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ቦርሳዬን አውርጄ ተቀመጥኩ፤ ከትሁን ጀመርኩላት።