የኋለኛው ወንበር ሽቦ

ወደ እስር ክፍሉ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት አምፖሉን ነው። የገጠመው ሰው ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ጠምዝዞ፣ ናስትሮ ጠቅልሎባቸው ሄዷል። ናስትሮው በሙቀት ተላቆ እንደ ቆሸሸ ፋሻ ተንጠልጥሏል። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ሽቦ መቀጠል የማይችሉ ሰዎች እኔን ሊመረምሩ ነው ብዬ በሆዴ ሳቅሁ።

የተያዝኩት አዘዞ፣ ጓሮዬ ውስጥ ነው። ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ አውሮፕላን እየሠራሁ ነበር። ማንም አላስተማረኝም። ዕድሜዬን ሬዲዮና የውኃ ፓምፕ ስጠግን ኖሬ፣ የቀረውን ከስልክ ላይ እያየሁ፣ እያበላሸሁና እያስተካከልኩ ተማርኩ። ጎንደር ውስጥ እንደ እኔ ሽቦ የሚቀጥል ካለ ይምጣና ያሳየኝ እላለሁ። እስካሁን የመጣ የለም።

ወንጀሌ አንድ ሽቦ ነበር። ከነዳጅ ጋኑ የሚመጣው ሽቦ መሀል ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ እኔ ፊት ወዳለው የነዳጅ መለኪያ ይሄዳል፤ ሌላው ከኋላ ወንበር ፊት ወዳለው ተመሳሳይ መለኪያ።

«ሁለተኛው ለማን ነው መረጃ የሚያቀብለው?» አለ መርማሪው ቢሮው አስጠርቶኝ።

«ለሚስቴ።»

«አትቀልድ፣ ሽማግሌ!»

አልቀለድኩም። ሚስቴ የነዳጁን ልክ በራሷ ዓይን ካላየች አልሳፈርም ብላለች። «አንተን አምኜማ ሰማይ ላይ አልወጣም» ነው ያለችው። ይህንኑ ነገርኩት። ጥግ ላይ የቆመው ጠባቂ ሳቀ፤ መርማሪው ገላመጠው።

ዕቃውን ከአውሮፕላኗ ያወጡት ሰዎች ሽቦዎቹን መፍታት ቢያቅታቸው በፒንሳ ቆራርጠዋቸዋል። መርማሪው የዶሮ አንጀት የመሰለውን ጥቅል ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

«ነገ እዚሁ ትቀጥለዋለህ። ከሠራ ፋይልህ ወደ ላይ ይሄዳል። ካልሠራ መጫወቻ ነው፤ ቤትህ ትገባለህ።»

እንዲህ ያለ ፈተና ሰምቼ አላውቅም። የወደቀ ይፈታል፣ ያለፈ ይታሰራል።

አብሮኝ የታሰረው፣ ከድብ ባሕር የመጣው ገበሬ ነገሩን ስነግረው ፊቱ በራ።

«ሸጋ ነዋ፣ አያ! ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርገው ይተዉት በቃ። እብድ ሽማግሌ ነው ብለው ይለቁዎታል።»

«እኔ ጠምዝዤ አልሰጥም።»

«ምነው? ማን ያይብዎታል?»

«አምፖሉን አየኸው? እንደዚያ ልሥራ?»

ቀና ብሎ አየው። «ይበራ የለ?» አለኝ።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በር ላይ ምሳ ይዘው የሚቆሙትን ሴትዮ እንኳ ያስቡ እንጂ» አለ። ይኼ ተሰማኝ። ሚስቴ ጉልበቷን ያማታል። በየቀኑ ከባጃጅ ወርዳ ዳገቱን በእግሯ ትወጣለች።

በማግስቱ ቢሮው ውስጥ ባትሪ፣ መበየጃ ካውያ፣ የሚቀልጥ እርሳስ፣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦና ክር አቀረቡልኝ። ስለ እሷ ብዬ ሁለቱን ጫፎች ያዝኩና ጠመዘዝኳቸው። አየሁት። ያው የእስር ክፍሉ አምፖል ነው። ፈታሁት።

ቀጭኑን የላስቲክ ቱቦ አስቀድሜ ሽቦው ላይ አስገባሁ። የዋናውን ሽቦ ሽፋን መዳቡን ሳልቧጭር ላጥኩ፤ ቅርንጫፉን ጠበቅ አድርጌ ጠመጠምኩበት፤ በእርሳስ በየድኩት፤ ቱቦውን አልብሼ በሙቀት አጣበቅሁት። ከዚያ ግራና ቀኙን ከሌሎቹ ሽቦዎች ጋር በክር አሰርኩ። ሞተር ሲንቀጠቀጥ ሽቦ የሚበጠሰው እርሳሱ ካለበት አጠገብ ነውና። እዚያ ቢሮ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ሞተር አልነበረም። ቢሆንም አሰርኩት።

ከዕቃው ጋር ያመጡትን የጋኑን ተንሳፋፊ፣ ነዳጅ ሲሞላ የሚነሣውን፣ በጣቴ ከፍ አደረግሁ። የሁለቱ መለኪያዎች መርፌዎች እኩል ተነሡ።

«ሠራ» አለ መርማሪው፣ ጎንበስ ብሎ እያየ።

«ምን ጠብቀህ ነበር?» አልኩት።

ስመለስ ገበሬው ፊቴን አየና «ሠሩት አይደል?» አለ።

«ሠራሁት።»

«አይ፣ አያ!» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

ፋይሌ ወደ ላይ ሄደ። ላይ ያሉት ከታቾቹ አይሻሉም፤ ክረምቱ እስኪወጣ አቆዩኝና አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይጠይቁ ለቀቁኝ። ሽቦውን በማዳበሪያ ከረጢት መለሱልኝ። ሞተሩን ግን አልመለሱም፤ የማንን ቤት ፓምፕ እንደሚነዳ እነሱ ያውቃሉ።

አውሮፕላኗ ዛሬም ጓሮዬ ቆማለች። ሽቦውን ወደ ቦታው መልሻለሁ። ከሰዓት በኋላ ጥላ ስለሚሆን ሚስቴ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ባለፈው ያ ገበሬ ሊጠይቀን መጥቶ ሁሉንም ዘረገፈላት። እሱ ከሄደ በኋላ ከምስሯ ቀና ብላ አየችኝ።

«ብታበላሸው ኖሮ በማግስቱ ቤትህ ትገባ ነበር?»

«እገባ ነበር።»

ምስሯን መልቀም ቀጠለች። ከዚያ ፊቷ ያለውን መለኪያ በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«ይህን አንሣልኝ» አለች። «ሰፌዴን የማኖርበት ቦታ ያዘብኝ። ከእንግዲህ ባላየውም እሳፈራለሁ።»

አላነሣሁትም። አልፎ አልፎ ባትሪውን አገናኝና ተንሳፋፊውን ከፍ አደርገዋለሁ። መርፌዎቹ እኩል ይነሣሉ።