ፊቷን አዙራ የተንበረከከችው ልጅ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ ነው። ልጄ ዛሬ ደኅና ናት፤ ተመስገን። ያን ቀን ያየሁት ጀርባ ግን እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

የምንኖረው ልደታ ነው። ልጄ መክሊት ፋርማሲ ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ አብነት በሚገኝ አንድ አዳራሽ ካራቴ ትሠለጥናለች። የእነሱ ካራቴ የምር መመታታት ያለበት ነው። ጓንት የለም፤ ጭንቅላትን በእግር መምታትም ይፈቀዳል። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ «ይቺን የሚያገባ አስቀድሞ ኢንሹራንስ ይግባ» እያሉ ይስቁባታል።

«እትዬ፣ ባል እንኳ አይጠፋም። የጠፋው ተጋጣሚ ነው» ትላቸዋለች።

እውነቷን ነበር። ሁልጊዜ ስልኳ ላይ ውድድር ትፈልጋለች። ለአዘጋጆች ትደውላለች፣ በቴሌግራም ትጽፋለች። መልሱ አንድ ነው፤ «በአንቺ ኪሎ ሴት የለም።» እሷ ስታዝን እኔ በልቤ እመቤቴን አመሰግናለሁ።

አንድ ቀን ግን ፊቷ በርቶ ገባች። «እማዬ፣ ተገኘች» አለችኝ። ፎዚያ የምትባል የቡታጅራ ልጅ ናት። ውድድሩ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሜክሲኮ አጠገብ ነው። «መጥተሽ እዪኝ» ስትለኝ እምቢ ማለት አቃተኝ።

ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን እንደለበስኩ ሄድኩ፤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሁለቱ እጅ ተነሣሥተው ጀመሩ። የምቱ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። ማየት አልቻልኩምና አንገቴን ደፍቼ መጸለይ ያዝኩ።

ድንገት ጩኸቱ ቆመ። ቀና ስል መክሊት ወድቃለች። አትንቀሳቀስም። የውድድሩ ሐኪም ወደ እሷ ይሮጣል። ፎዚያ ግን አልቀረበቻትም። ወደ ጥግ ሄደች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ተንበረከከች።

እኔ ካራቴ አላውቅም። የማውቀው ልቅሶ ነው። ያቺ ልጅ ፊቷን ያዞረችው ያለቀ ነገር አይታ ነው አልኩ። ልጄ ሞታለች አልኩ። ጮህኩ። እጄ ነጠላዬን አዘቀዘቀው፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ጥለቱን ወደ ላይ አደረግኩት።

አጠገቤ የነበረች የማላውቃት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። «ኧረ እማማ፣ ልጅቷ እኮ ትተነፍሳለች» አለችኝ። ነጠላዬንም በገዛ እጇ መልሳ አስተካከለችልኝ። እሷን ዳግመኛ አላገኘኋትም፤ እግዜር ይስጣት።

መክሊት ዘንድ ስደርስ ዓይኗን ገልጣለች።

«እማዬ፣ አሸነፍኩ?» አለችኝ።

ሐኪሙ ለጥንቃቄ ሆስፒታል ላካት። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሳለ ፎዚያ መጣች። ነጩን የካራቴ ልብስ አላወለቀችም፤ ከላይ ጃኬት ደርባ፣ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ላያት አልፈለግኩም።

«እማማ፣ ሲጮኹ ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ዞር ብዬ ላይዎት ፈልጌ ነበር። አይፈቀድም።»

«ለምን አይፈቀድም?»

«የወደቀን ሰው ቆሞ ማየት ነውር ነው። እስኪነሣ ፊት አዙሮ፣ ተንበርክኮ ይጠበቃል።» ቀጥላም፣ «እኔ ደግሞ ዱዓ እያደረግኩላት ነበር» አለች።

ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላት። የመክሊት ምርመራ ደኅና ነው እስኪባል ከአጠገቤ አልተነሣችም።

አሁን ፎዚያ የቤት ልጅ ሆናለች። እሷም «እማማ» ማለቱን ትታ «እማዬ» ትለኛለች። ልጄን የመታት እግር በሬን አልፎ ሲገባ ደስ ይለኛል። እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ከፊቴ ሰው ሲንበረከክ ልቤ ይደነግጣል። እጄ ሳላዘው ነጠላዬን ይዳብሳል፤ ጥለቱ ከታች መሆኑን አረጋግጬ ነው ጸሎቴን የምቀጥለው።

መክሊት ሐኪሟ ከፈቀደላት ወዲህ ውድድር መፈለጓን ቀጥላለች። ባለፈው ሳምንት ሁለቱ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ሲሳሳቁ አገኘኋቸው። ውድድር ተገኝቷል። በመክሊት ኪሎ ያለችው ተጋጣሚ ግን አሁንም አንዲት ብቻ ናት።

ሁለቱንም ለእመቤቴ አደራ ሰጥቻለሁ። የትኛዋ ወድቃ፣ የትኛዋ ፊቷን እንደምታዞር እሷ ታውቃለች።