የዋንዛው አልጋ

ቡሬ ከተማ፣ የሞተር መጋዝ ከሚሸጥበት ሱቅ ባለቤቴ ጉልበት ያለውንና ዓመታት የሚያገለግለውን ሲያማርጥ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ሻጩ አንዱን አስነሣና ደጅ የተጋደመ የዋንዛ ግንድ ላይ አሳረፈው። የዋንዛው ብናኝ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ያባቴ ጓሮ መጣብኝ።

ያን ጊዜ ገና ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ለሰርጌ አልጋ የሚሆን ዋንዛ ተቆርጦ፣ አያ ጌጡ የሚባሉ ሽማግሌ ጣውላ ሰንጣቂ ከላይ፣ ልጃቸው ከታች ሆነው በእጅ መጋዝ ይሰነጥቁታል። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ እንጨቱ ገጠመና መጋዙን ያዘው። ቢስቡትም ቢገፉትም እንቢ አለ። እኔ ውሃ ይዤላቸው ቆሜ በሆዴ፣ «እመብርሃን፣ እንደተያዘ ይቅር» እላለሁ።

አያ ጌጡ ውሃውን ሲቀበሉኝ ፊቴን አዩት።

«ልጄ፣ እርጥብ እንጨት እንዲህ ነው፤ ሲቆርጡት ይነክሳል። ሲደርቅ ግን ዝም ይላል» አሉኝ። ከዚያ ስንጥቁ ውስጥ ሽብልቅ ከተው መቱት፤ መጋዙም ተላቀቀ።

ዛሬም የምተኛው እዚያው አልጋ ላይ ነው። አሁን እኛ ጓሮ የቆመው ዋንዛ ደግሞ ለልጃችን አልጋ የታሰበ ነው። እሷም ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች።

«እትዬ፣ እርስዎስ የቱን ወደዱት?» አለኝ ሻጩ።

«እንጨት ውስጥ ቶሎ የሚያዘው የቱ ነው?» አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ባለቤቴም አብሮት ሳቀና፣ «ትልቁን እንወስዳለን» አለ።