የተሰፋ ማኅተም

የዚያን ዕለት መኪናዋ ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ባለቤቴ በመሪው፣ እኔ ከጎኑ፣ በመስኮቱ በኩል ከዳባት ያሳፈርናቸው አንድ የኔታ፣ ከኋላ በድንች ጆንያዎቹ ላይ ደግሞ አንዲት ልጅ። ሌላ ሰው አልነበረም። በኋላ ወሬው ሲነገር "እኔም ነበርሁ" ያሉ ሁለት ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። አልነበሩም።

የኔታ የአብነት ትምህርት ቤት መምህር ናቸው፤ ብራና ፍቀው መጽሐፍም ይጽፋሉ። ወደ ጎንደር የሚሄዱት መነጽር ሊያሠሩ ነበር። ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። ከተማ ውስጥ በአንድ የጤና ማሠልጠኛ ልትመዘገብ ነበር የምትሄደው፤ ምዝገባውም የሚያልቀው በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ይህን ያወቅሁት ስለ ጠየቅኋት ነው። ያሳፈርነውን ሰው ሁሉ የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚቀበለው፣ ቁርስ በልቶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ባለቤቴ "መርማሪዋ" ይለኛል።

ስለ መኪናዋም መናገር አለብኝ። ፒካፕ ናት፤ ከትልቁ ልጄ በዕድሜ ትበልጣለች። መለዋወጫዋ ጎንደር አራዳ ካሉት ሱቆች ከጠፋ ቆይቷል፤ ይመጣል ሲባልም መንገድ ይዘጋና ይቀራል። ስለዚህ ባለቤቴ ከቤት ዕቃ ይሠራል። የግራው በር እጀታ ማንኪያ ነው፤ አጉብጦ በቡሎን አሰረው። የዝናብ መጥረጊያዋ ላስቲክ ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ተቆርጦ የወጣ ነው። የነዳጅ ክዳኗ የዘይት ጀሪካን ክዳን ነው፤ እንዳይላላ ፌስታል ተጠቅልሎበታል። የማርሹ ጫፍ ላይ ያለችው ጥቁር ጉልላት የድስቴ ክዳን መያዣ ናት። እኔ ድስቱን የምከፍተው በጨርቅ ይዤ ነው።

አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፤ ፍሬንና መሪ ከቤት ዕቃ አይሠራም። አንድ ጊዜ የፍሬን ጎማ ከልጆች ጫማ ሶል ሊቆርጥ ሲል ደርሼ ጫማውን ደበቅሁበት። ከዚያ ወዲህ ፍሬን በነካ ቁጥር ዕቃውን የገዛበትን ሱቅ በጣቱ ያሳየኛል። ሱቁ ዝግ ከሆነ አላምነውም።

ከሁሉ የሚበዛው ግን ጓርኒሲዮን ነው። ሁለት ብረቶች ሲጋጠሙ ውኃ ወይም ዘይት በመካከላቸው እንዳያፈስ የሚገባ ወፍራም ወረቀት ነው። የባለቤቴ እጅ ከባድ ስለሆነ የምቆርጠው እኔ ነኝ። እሱ የብረቱን አፍ የተቃጠለ ዘይት ይቀባና ካርቶን ላይ ይጫነዋል፤ ጥቁር ቅርጽ ይወጣል፤ እኔ መስመሩን ተከትዬ በምላጭ እቆርጣለሁ። ትምህርት የተውሁት ከአራተኛ ክፍል ነው፤ መስመር ተከትሎ ለመቁረጥ ግን አራተኛ ክፍል ይበቃል።

ዳባትን አልፈን፣ አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ፣ መኪናዋ ጭስ የመሰለ እንፋሎት አወጣች። ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። የራዲያተሩ ጎማ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ብረት ሥር የነበረው ጓርኒሲዮን፣ ያለፈው ዓመት የእኔ ሥራ፣ ተበጣጥሶ አልቋል። ከሳሙና ካርቶን ሌላ ቆረጥሁ። ቀጭን ስለነበር አፈሰሰ። የኔታ የጧፍ ካርቶናቸውን ሰጡን። እሱም አፈሰሰ። በዚህ መካከል የያዝነው ውኃ አለቀ።

ልጅቷ ቢጫውን ጀሪካን አንሥታ ወደ ታች ወደ ወንዙ ልትወርድ ተነሣች። ስትሄድ፣ "ቦርሳዬንም እዩት፤ የሚጠቅም ነገር ካለ ውሰዱ" አለችን።

ከፈትሁት። ከልብሶቿ ሥር፣ ከቦርሳው ወለል ላይ፣ በቀን መቁጠሪያ ወረቀት የተሸፈነ ካርቶን ነበር፤ ልክክ ብሎ ተኝቷል። የእኔም ቦርሳዎች ሁሉ ቅርጻቸው እንዳይበላሽ ሥራቸው ካርቶን አለ። በጣቴ ዳሰስሁት፤ ወፍራም ነው፣ ደረቅ ነው። የኔታም ዳስሰው "ሸጋ ካርቶን ነው" አሉ። ይህን ብወስድባት ቦርሳዋ ይጎብጣል ብዬ ተጨነቅሁ። የተጨነቅሁት ለቦርሳው ነው።

ባለቤቴ ብረቱን ቀብቶ ተጫነው። እኔ ቆረጥሁ። ቀለበቱን ወዲያው ተቀብሎኝ ግራሶ ቀብቶ አስገባውና ቡሎኖቹን አጠበቀ። ከመካከል የወጣችው ክብ ቁራጭ ጭኔ ላይ ወድቃ ነበር። ልጥላት ሳነሣት ሽፋኑ ተላቀቀ፤ ከሥሩ ሐምራዊ ማኅተም አየሁ።

የቀረውን ሽፋን ስገልጠው ደብዳቤ ነው፤ ጠርዝ ጠርዙን በሊጥ ካርቶኑ ላይ ተለጥፏል። ለየኔታ ሰጠኋቸው። እሳቸው መነጽር ስለሌላቸው ክንዳቸው እስከሚደርስበት አርቀው፣ በቤተ ክርስቲያን ምንባብ ዜማ አነበቡልን። ስለዚህ ሙሉውን ሰማነው። ልጅቷ በማሠልጠኛው ለመመዝገብ ከወረዳ የተጻፈላት የድጋፍ ደብዳቤ ነው። ያለዚህ ደብዳቤ አይመዘግቧትም። ስሟ አልተነካም። ማኅተሙም ሙሉ በሙሉ ቁራጯ ላይ አለ። ሞተር ውስጥ የገባው በማኅተሙ ዙሪያ የነበረው ነው፤ የፊርማው ግማሽ እዚያ ውስጥ ነው።

ልጅቷ ጀሪካኑን በጀርባዋ አዝላ ስትወጣ አየኋት። ሮጬ ልነግራት ስል ባለቤቴ "ቆይ፣ ሸክሟን ታውርድ" አለኝ። አወረደች። ነገርኋት። ከጀሪካኑ ትንሽ ቀድታ እጇን ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ከዚያ ደብዳቤውን በአንድ እጇ ቁራጯን በሌላው ያዘች።

"አባቴ ነው የለጠፈው" አለች። "እንዳይታጠፍ ብሎ። ወለሉ ይወጣል ብዬ አላሰብሁም።"

ባለቤቴ ፈትቶ ሊያወጣው እንደሚችል ነገራት። ቀለበቱ ግን በዘይትና በግራሶ ርሷል፤ ቢወጣም ወረቀት አይባልም። ሌላ ካርቶን ደግሞ የለንም። ከቆምን ወዲህ ያለፈው አንድ አውቶቡስ ብቻ ነው፤ እሱም ሞልቶ ነበር። ይህን ሁሉ ደብዳቤውን እንደያዘች ሰማችው።

"አያ፣ ካልተፈታ ጎንደር ያደርሰናል?"

"ውኃ እየጨመርን ያደርሰናል።"

"እንግዲያው አይፈታ" አለች።

ሁላችንም ደብዳቤውን ከብበን አቀርቅረን ቆምን። መጀመሪያ የሰለቻቸው የኔታ ናቸው።

"ምነው? ለቅሶ ቤት አደረጋችሁትሳ። ብራና ሲበሳ ይጣላል እንዴ? ይሰፋል።"

ብራና ሲፍቁ ስለቱ እንደሚያመልጥና ቆዳው እንደሚበሳ፣ ያኔ በቀጭን ክር ሰፍተው በስፌቱ ዙሪያ እንደሚጽፉ አስረዱን። በዚህ ምክንያት መጽሐፋቸውን አልቀበልም ያላቸው ደብር የለም። መነጽሩን ሲያሠሩ ፊደል እያዩ ሊሞክሩበት የያዙት ቁራጭ ብራና ነበራቸው፤ ያልተጻፈበትን ጫፍ ቆርጠው ሰጡኝ። መርፌና ክር ከእኔ ተለይቶ አያውቅም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኖ ስለነበር የሰፋሁት እየተጓዝን ነው። ባለቤቴ ጉድጓድ ባየ ቁጥር "ጉድጓድ" ይላል፤ እኔ መርፌውን አነሣለሁ። በዚያ መንገድ ላይ ያንን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለ የሄደበት ያውቀዋል። መጀመሪያ ቁራጯን ብራናው ላይ፣ ከዚያ ብራናውን ከደብዳቤው ጀርባ። ማኅተሙ እንዳይዘቀዘቅ ሦስት ጊዜ አየሁት፤ አራተኛ ጊዜ መኪና አስቁሜ አየሁት። የኔታ ስፌቴ ሰፋ ሲል "አጥብቂው፣ ጆንያ አይደለም" ይሉኛል። ልጅቷ ከኋላ ሆና ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስጠግታ እጄን ታያለች።

ስጨርስ በማኅተሙ ዙሪያ የጣት ስፋት የሚያህል ባዶ ብራና ቀረ። የኔታ ቀለማቸውን አወጡ።

"የጎደለውን ፊርማ እኔ ልሙላው፤ ጅራቱ ብቻ ነው።"

"አይሆንም የኔታ፤ እንታሰራለን" አልኋቸው።

"ለጅራት ማን ያስረኛል?"

ባለቤቴ የዚያን ቀን የሳቀው ያኔ ነው። የኔታ ቀለማቸውን መለሱ። ልጅቷ ሐሰት የሌለበት የተቀደደ ወረቀት ይዛ ብትገባ እንደሚሻላት አሰብሁ። ልክ ይሁን ስሕተት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለውኃ አራት ጊዜ ቆመን አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ደረስን። ሞተሩ ቢጠፋ ላይነሣ ስለሚችል ባለቤቴ የኔታን ይዞ ቀጠለ። እኔ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለኃላፊው ልነግር ከልጅቷ ጋር ወረድሁ። ጥበቃው ግን ተመዝጋቢ ብቻ ነው የሚገባው ብሎ እሷን አስገብቶ እኔን አስቀረኝ። ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁት። ጓርኒሲዮን ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። ባልደረባውንም ጠርቶ እንደገና አስነገረኝ። ሁለቱም በጥሞና ሰሙኝ፤ አላስገቡኝም።

በበሩ ብረት መካከል ይታየኝ ነበር። ልጅቷ መስኮቱ ጋ ደረሰች። ደብዳቤውን የተቀበለቻት ሴት ወደ ብርሃን አነሣችው፣ ገለበጠችው፣ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰችው። አንድ ሰው ጠራች። እሱም ዳሰሰው። ልጅቷ እጇን እያንቀሳቀሰች ታስረዳለች፤ በጣቷ ክብ ስትሠራ አየሁ። ሰውየው ደብዳቤውን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ከኋላዋ የነበሩት ተጠጋጉና ተሸፈነችብኝ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መስኮቱ ተዘጋ። እስከ አሥራ አንድ ተኩል ቆምሁ። ጥበቃው ባለጉዳዮች የሚወጡት በታችኛው በር መሆኑን ያን ጊዜ ነገረኝ። በሩጫ ዞርሁ፤ ማንም አልነበረም። ቁርሷን መብላቷን የጠየቅሁ ሰው ስልኳን አልጠየቅሁም። በሳምንቱ ተመልሼ ብሄድ ሌላ ጥበቃ ነበር፤ አዲሶቹ ተማሪዎች ወደ ሌላ ግቢ መዛወራቸውን ነገረኝ፤ የትኛው ግቢ እንደሆነ አያውቅም።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስሟን አውቀዋለሁ፤ ሳትመዘገብ ቀርታ እንደሆነ እንዳላሳፍራት ብዬ ነው የማልጽፈው። ጠይም ናት፣ ቀጭን፣ በግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። አገሯ ከዳባት በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። የምታውቋት ካላችሁ፣ ወይም ያን ቀን ከመስኮቱ ወዲያ የነበራችሁ ካላችሁ፣ ተመዝግባ እንደሆነ ንገሩኝ።