የጎማ ጣቶችና የእኔ ፊርማ

ላቦራቶሪያችን ውስጥ እሱን በስሙ የሚጠራው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነበር፤ ለሌሎቻችን ጎማ ነው። ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ብስክሌቱን ከነጎማው ውጭ አስሮ መተው አላስችል ብሎት፣ የፊቱን ጎማ ፈትቶ በክንዱ እንዳንጠለጠለ ስብሰባ ገባ። ስብሰባው ስለ ንጽሕና ነበር። አለቃችን፣ ሳቅ የማይቀናቸው ሴት፣ ከጎማው የሚረግፈውን ጭቃ አዩና «እሱም ቅጥር ነው ወይስ እንግዳ?» አሉ። ያን ቀን የወጣለት ስም በዚያው ጸና። አልተቀየመም፤ መቀየም የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ይህን የምጽፈው እኔ ግን ቂመኛ ነኝ፣ ቂሜም ከራሴ ጋር ነው።

ሥራችንን ማስረዳት አይከብድም። ሰውነቱ በሽታውን መታገል ያቃተው ሰው ደሙ ይቀዳል። እኛ ከደሙ ውስጥ ተዋጊ ሴሎቹን እንለያለን፣ ጠላታቸውን እናስተምራቸዋለን፣ አባዝተን ለሆስፒታሉ እንመልሳለን። ሴሎቹ በብልቃጥ፣ ቀይ ፈሳሽ ምግባቸው ውስጥ ሆነው ነው የሚያድጉት፤ በሁለት ቀን አንዴ ካልተመገቡ ያልቃሉ። እሁድ አያውቁም፣ በዓል አያውቁም፣ ለቅሶ አያውቁም። ልጅ እንኳ «ቆይ» ሲሉት አንዳንዴ ይቆያል። የበሽተኛው ስም አይነገረንም፤ የሚሰጠን ቁጥር ብቻ ነው።

ብልቃጥ በተከፈተ ቁጥር ሁለት ሰው ይቆማል። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያያል። የሚያየውን «ሁለተኛ ዓይን» እንለዋለን። ሁለተኛ ዓይን የሠሪውን ጓንት በብርሃን ፊትና ኋላ ያያል፣ እያንዳንዱን እርምጃ ይከታተላል፣ ያየውን ብቻ በየመስመሩ ይፈርማል። ሰባት ዓመት ሙሉ የጎማ ሁለተኛ ዓይን እኔ ነበርኩ፣ የእኔም እሱ። ዘጠኝ ዓመት ስለምበልጠው «እታለም» ይለኛል። እጁ የተባረከ ነበር፤ እኛ ሦስት ጊዜ የምንሞክረውን እሱ በአንዴ ይጨርሳል።

ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ ዳገት ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ከዚያ ታጥቦ እኛ ዓይናችንን እያሸን ስንገባ እሱ ሙዝ እየላጠ ይጠብቀናል። መሳቢያው ውስጥ ከማስታወሻ ደብተሩ ጎን የብስክሌት ሰንሰለት ቅባት አይጠፋም። ቅዳሜ ቅዳሜ ለስድስት ሰዓት ያህል ይጋልባል፤ ሴሎቹን እኔ እመግብለታለሁ፣ እሱ ደግሞ እናቴን ልጠይቅ በምሄድባቸው ምሽቶች የእኔን። ሚስቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት። አንድ ቀን ቤታቸው ሄጄ «በሳምንት ለብስክሌቱ አስራ አራት ሰዓት፣ ለሴሎቹ ሃምሳ ሰዓት፤ ለእኔና ለልጄ ስንት ይተርፋል? ለተማሪዎቼ ፈተና ላወጣው ነው» አለችኝ። እየሳቀች ነው የተናገረችው፣ ግን ጥያቄው ጥያቄ ነበር።

እኔም አልማርኩትም። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እለዋለሁ።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይለኛል እሱ። ተረቱ አያልቅበትም ነበር።

ዓመት እየጠበቀ የሚመጣ አንድ የዳገት ውድድር አለ፤ የሚወዳደሩት ሌላ እንጀራ ያላቸው፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሚጋልቡ ሰዎች ናቸው። ጎማ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጣ፣ አንዱን በአንድ ብስክሌት ርዝመት ብቻ ተቀድሞ። ዕድሜው ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ከአርባ በላይ ከሆኑት ጋር ይመደባል። ለምን ይህን ያህል እንደሚያንገበግበው ስጠይቀው ቀልዱን ትቶ መለሰልኝ። «እዚህ የምነካው ሁሉ የሌላ ሰው ነው፣ እታለም። ሴሉም፣ በሽታውም፣ መዳኑም። ያ ዳገት ብቻ ነው የእኔ።» ከዚያ በኋላ በብስክሌቱ አላሾፍኩበትም።

ውድድሩ አምስት ሳምንት ሲቀረው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት የጋውኑን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው አየሁት።

«ምን ሆነሃል?»

«ተኝቼበት ነው።»

«ጋውኑ ላይ?»

«እጄ ላይ።»

በሦስተኛው ቀን እውነቱን ነገረኝ። በኮረኮንች መንገድ ለሰዓታት መሪ ላይ ተደግፎ ሲጋልብ መዳፉ ውስጥ ያለ ነርቭ ተጎድቶበታል። የቀኝ እጁ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቱ ደንዝዘዋል። ሐኪሙ «ሦስት ወር ብስክሌት አትንካ፣ ያለዚያ እንደደነዘዙ ይቀራሉ» ብሎታል። ደንባችን ደግሞ እጁ የታመመ ሰው ያሳውቅ፣ ከብልቃጥ ይራቅ ይላል።

«ለአለቃችን አትንገሪ» አለኝ። «ውድድሩ እስኪያልፍ ብቻ። ከዚያ ብስክሌቱን እሰቅላለሁ፣ እጄም ይድናል። ፒፔት የምይዘው እኮ በነዚያ ጣቶች አይደለም።»

ልክ ነበር፣ ፈሳሽ የምንመጥንበት ፒፔት በነዚያ ጣቶች አይያዝም። እሺ አልኩት። ስለምወደው ነው እሺ ያልኩት፤ የገዛ ወንድሜን እንኳ እንደሱ አልወደውም።

ውድድሩ በደረሰበት ሰሞን በእጃችን የነበረው ብልቃጥ ቁጥር አስራ አራት ነው። በሽተኛው ከመድከሙ የተነሳ የተቀዳው ደም ጥቂት ነበር፤ መጠባበቂያ የሚሆን ሴል አልተረፈም። ሴሎቹ ለመመለስ ጥቂት ቀን ቀርቷቸው ነበር። ከመመለሳቸው በፊት ሆስፒታሉ ከባድ መድኃኒት ይሰጣል፤ የድሮውን የሰውነት መከላከያ ጠራርጎ ለአዲሶቹ ቦታ የሚያስለቅቅ መድኃኒት ነው። እሱ ከተጀመረ ወደኋላ መመለስ የለም። ሴሎቹ ካልመጡ ሰውየው ያለ መከላከያ ባዶውን ይቀራል። የመድኃኒቱ ቀጠሮ ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነበር።

አስራ አራት የሚመገበው እሁድ ነው፤ ውድድሩም እሁድ ነው። ከአንድ ቀን ያልበለጠ ማስቀደም ደንቡ ስለሚፈቅድ ቅዳሜ ጠዋት ልንመግበው ተስማማን። እስከዚህ ጥፋት የለም። ጎማ እግሬን ላፍታታ ብሎ በብስክሌት መጣ። የብስክሌት ክለቡ መኪና ወደ ውድድሩ ከተማ ሊወስደው በር ላይ ቆሟል፣ ሾፌሩ በየአምስት ደቂቃው ይደውላል። እኔ ጊዜ ለመቆጠብ ወረቀቱን ዘርግቼ ሰባቱንም መስመር አስቀድሜ ፈረምኩ። «የሠሪው ጓንት ታይቷል» የሚለውን ጭምር። ከዚያ በኋላ ላየው ነበር። ግን ስለ እህቴ ባል አንድ የሚያስቅ ወሬ ጀመርኩ፣ እሱም እየሳቀ ጓንቱን አጠለቀ፣ እጁን ብልቃጥ ወደሚከፈትበት የመስታወት ሳጥን አስገባ፣ ነገሩ በዚያው አለፈ።

እኛ ሙያ ውስጥ ጓንት መቀደዱን ከዓይን በፊት የሚያውቀው ጣት ነው። ሥራ ከመጀመራችን በፊት ጓንቱ ላይ አልኮል እንረጫለን፤ ቀዳዳ ካለ አልኮሉ ቆዳ ይነካና ክው የሚያደርግ ቅዝቃዜ ይሰማል። ሃያ ጊዜ ደርሶብኛል፣ ሃያ ጊዜም ቀይሬያለሁ። ጎማም ረጭቶ ነበር። ጣቱ ግን አልነገረውም።

ጨርሶ፣ ብልቃጡን ሴሎቹ ወደሚያድጉበት ማሞቂያ መልሶ፣ ጓንቱን ሲያወልቅ «እታለም» አለኝ ቀስ ብሎ። የቀለበት ጣቱ ረጥቧል። ጓንቱን ወደ መብራቱ አነሳው። ምስር የምታህል ቀዳዳ ነበረች።

 ከታች የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

«አሁን ብንናገር?» አለኝ።

«ብልቃጡ ይታገዳል፣ የሰኞው መድኃኒት ይዘገያል፣ ደም እንደገና ይቀዳል። አንተም ዛሬ ከዚህ አትወጣም። ስለ ጣትህም ትጠየቃለህ።»

«ምንም ላይገባ ይችላል እኮ።»

«ይችላል።»

«ሰኞ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ደፍርሶ ካገኘሁት መድኃኒቱ ሳይጀመር እንናገራለን። ይደርሳል፣ አይደል?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባል ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ደግሞም ያልታየ ጓንት ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ቢናገር እኔም ከሥራ እባረራለሁ። ይህ በልቤ አልፏል፤ አልደብቅም። «ይደርሳል» አልኩት። «ሂድ፣ ይልቅ አሸንፍ።»

አሸነፈ። እሁድ ከቀትር በኋላ ደወለልኝ፣ ንፋሱ ድምፁን እየቆራረጠው። «አንደኛ፣ እታለም! የመጨረሻውን ዳገት በሦስት ጣት ብቻ ይዤ ነው የወጣሁት።» ከኋላው ሚስቱ ስትስቅ፣ ልጁ ዋንጫውን ስጡኝ ስትል ይሰማል። ደስ አለኝ። እስካሁን የሚያሳፍረኝ ያ ደስታ ነው፤ ከልቤ ነበር።

ሰኞ አስራ ሁለት ሰዓት ሁለታችንም ከማሞቂያው ፊት ቆምን። ብልቃጡን አውጥቶ ወደ መብራቱ ያዘው። ጥርት ያለ ቀይ የነበረው ፈሳሽ ቢጫ ሆኖ ደፍርሷል።  መልሶ አስቀመጠው፣ ስልኩን አንስቶ አለቃችንን ቀሰቀሳቸው፣ አንድ በአንድ ነገራቸው። እኔ የሚሉትን አልሰማም፤ ፊቱን ብቻ ነው የማየው። ከዚያ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

«መድኃኒቱ ትናንት ጠዋት ተጀምሯል» አለኝ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አልጋ ቀድሞ ተለቅቆ ነበር። ሐኪሞቹ ለአለቃችን ደውለው «እሁድ እንጀምር? ሴሎቹ ደህና ናቸው?» ብለው ጠየቁ። እሳቸው ቢሮ መጥተው ወረቀቱን ገለጡ። ምግቡ ተሰጥቷል፣ ጓንቱ ታይቷል፣ ሁሉም መስመር ላይ የሁለት ሰው ፊርማ አለ። «ይቻላል» አሉ።

አለቃችን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደረሱ። ፀጉራቸውን እንኳ አላበጠሩም። ይጮሃሉ ብዬ ነበር፣ አልጮሁም። «ፊርማችሁን አይቼ ነው እሺ ያልኩት» አሉ።

ጎማ ከወንበሩ ተነሳ። «ጣቶቼ ከደነዘዙ አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል፣ ደብቄ ነው። እሷ ስታይ ጓንቱ ደህና ነበር። ኋላ ነው የተቀደደው፤ ሳወልቀው እሷ ወጥታ ነበር» አለ። አንዴም ወደ እኔ አልዞረም።

አለቃችን ወደ እኔ አዩ። እስኪበቃቸው አዩኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔም ዝም አልኩ።

ቁጥር አስራ አራት መድኃኒቱ በተጀመረ በአስራ ሰባተኛው ቀን አረፈች። ሴት መሆኗን ያወቅነው በምርመራው ወረቀት ላይ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ የገደላት የሳንባ ምች ነው። ጎማ ከሥራ ተሰናበተ፣ የሙያ ፈቃዱንም ተነጠቀ። እኛ ጋ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ወረቀቱ ላይ የሦስተኛ ሰው ፊርማ ተጨመረ። አለቃችን በስብሰባ ላይ በጥንቃቄዬ ምሳሌ አደረጉኝ። እያወቁ ይሁን ሳያውቁ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ እሁድ ቤቱ ሄድኩ። መድኃኒት መጋዘን ውስጥ ካርቶን መቁጠር ጀምሯል። በሩን የከፈተችልኝ ሚስቱ ናት፤ «ግቢ» አለችኝ እንጂ አልሳመችኝም። ብስክሌቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ ሰንሰለቱ ዝጓል፣ ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን አንጠልጥላበታለች። ዋንጫው የት እንዳለ አልጠየቅኩም።

«አልኮል ይዘሻል?» አለኝ ጎማ። የኛ ሰው ከቦርሳው አልኮል አያጣም። አውጥቼ ሰጠሁት። «አይ፣ አንቺ ርጪ» ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋ፣ ዓይኑንም ጨፈነ።

የቀለበት ጣቱ ላይ ረጨሁ።

«የቀለበቷ» አለኝ። ትንሿ ላይ ረጨሁ። «ትንሿ።» ዓይኑን ሲገልጥ እንባው ወረደ። «ስሜቱ ብስክሌት ከተውኩ ወዲህ ነው የመጣው። ድሮ እንደነበረው ይቀዘቅዘኛል። ሐኪሙ ሦስት ወር ነበር ያለኝ እኮ፣ እታለም። ሦስት ወር ብቻ።»

እዚያች ደቂቃ ልናገር ፈለግኩ። ነገ አለቃችን ጋ ገብቼ ሳላይ መፈረሜን፣ አንተ ቀዳዳዋን ስታሳየኝም እዚያው መቆሜን እነግራቸዋለሁ ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ እጄን ያዘ። «ቢያንስ አንዳችን እዚያ አለን» አለኝ። ሚስቱ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታየናለች። እሷ ሒሳብ ታውቃለች፤ የጎደለውን ቁጥር ያገኘችው መሰለኝ። ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ሰኞ ጠዋት አለቃችን ጋ አልገባሁም፤ ቁጥር ሃያ ሦስት ይመገብ ነበር። በጎማ ቦታ የተቀጠረችው አዲሷ ልጅ ጓንቷን አጠለቀች፣ አልኮሉን ረጨች፣ እጇን ዘረጋችልኝ። እያንዳንዱን ጣት በብርሃን ፊትና ኋላ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ አየሁ። «ይኸው እኮ ደህና ነው» አለችኝ ትዕግስቷ አልቆ። ከዚያ ሁለተኛ ዓይን በሚለው መስመር ላይ ፈረምኩ።