የግራሞፎኑ ሞላ

ጋሼ ወዬሳ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡበት ክፍል ከእኔ መኝታ ቤት የሚለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነበር። በናዝሬት ከተማ ስንትና ስንት ግድግዳ እያለ ለእኔ የደረሰኝ ይኸኛው ነው። ምሳ ሰዓት የለ፣ በዓል የለ፣ ኳ ኳ ኳ። እኔም ዝም አልልም። በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ፣ "ጋሼ ወዬሳ! ጡረታ የወጡት እኔን ሊያሳብዱ ነው?" እላቸዋለሁ። መዶሻቸውን እንደያዙ ብቅ ይሉና፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ደርሳም ቢሆን "አካም ቡልቴ ሸዋዬ" ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ስድቤን እንደ ሰላምታ ተቀብለው ይገባሉ፣ ኳኳታው ይቀጥላል።

ዕድሜያቸውን የጨረሱት በምድር ባቡር የሐዲድ ጥገና ላይ ነው። ከሞጆ እስከ ወለንጪቲ ያለውን መስመር መዶሻ ትከሻቸው ላይ አጋድመው በእግራቸው ሲመላለሱበት፣ የላላውን ሲያጠብቁ ኖሩ። ጉልበታቸው እምቢ ሲል ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው፤ ትልቋ ሎሚ ወደ ቡልቡላ ተድራ ሄዳለች፣ ትንሹ ገርባ አብሯቸው ይኖር ነበር። ሌላው ጡረተኛ ዳማ ሲጫወት ሲውል እሳቸው አንዱን ክፍል አስለቅቀው የገዛ ራሳቸውን ባቡር መሥራት ያዙ።

ገብቼ አይቼዋለሁ። ከሳንቃ የተገጣጠመ ሰፊ መደብ ክፍሉን ሞልቶታል። ሐዲዱ የጃንጥላ ሽቦ ነው፤ ከሥሩ የተረበረበው የተሰነጠቀ ሸምበቆ። ፉርጎዎቹ የሰርዲን ጣሳ ናቸው፣ እግራቸው ደግሞ ሬንጅ ተሞልቶበት ፊት ለፊት የተጣበቀ ጥንድ ቆርኪ። የሚጎትተው ሎኮሞቲቭ ከእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ ተጠቅልሎ የተበየደ ነው። ጣቢያዎቹ የሲጋራ ፓኮ። ሁሉም ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ቀበሌው መፈክር ከጻፈበት የተረፈውን እየለመኑ ስለነበር ሌላ ቀለም አያውቁም። "የእርስዎ ባቡር ከቀበሌው ሊቀ መንበር የባሰ አብዮተኛ ነው" ብያቸው አፌን በእጃቸው ሊይዙ ምንም አልቀራቸውም።

በየጣቢያው ላይ ስሙን የጻፈው ገርባ ነው። ጽሕፈቱ ያምራል። ናዝሬት፣ ሞጆ፣ ደብረ ዘይት፣ ዱከም። አቃቂና ለገሃር ገና ነበሩ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተንበርክከው ባቡሩን በጣታቸው እየገፉ ከናዝሬት ዱከም ያደርሱትና ይመልሱታል። ራሱን ችሎ እንዲሄድ ሞላ ያስፈልገዋል፤ ያ ሞላ ደግሞ ያለው አበበች ዘንድ ብቻ ነው።

አበበች ከባቡር ጣቢያው ወረድ ብሎ መጠጥ ቤት አላት። መደርደሪያዋ ላይ የቀድሞ ጣሊያን አሠሪዋ ትቶላት የሄደ ግራሞፎን ተቀምጧል። መዝፈን ካቆመ ዘመን ሆኖታል፤ ሞላው ግን ደህና ነው። ጋሼ ወዬሳ በየጊዜው ሄደው ይለምኗታል። እሷም ደንበኛ ጢም ብሎ በተቀመጠበት፣ "ስሞት ከሬሳ ሳጥኔ ላይ ያንሱት!" ትላለች። ቤቱ በሳቅ ያውካካል፣ እሳቸውም ስቀው ይመለሳሉ። ሰፈሩ ይሄን እንደ ጨዋታ ለምዶት ነበር። አንድ ቀን እሷ እሺ ብትል ኖሮ ሁላችንም ቅር የሚለን ይመስለኛል።

በ1976 ዓ.ም. ቀበሌው ገርባን ለብሔራዊ ውትድርና መረጠው። እሱንና ሌሎቹን ምልምሎች በጭነት መኪና ነው የወሰዷቸው። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው፣ ባቡር ላይ ቢያሳፍሩት ምን ነበረበት? ይሄ አሁንም ያበሽቀኛል። መኪናው ሲነሳ ገርባ ከሰው በላይ እጁን አንስቶ፣ "አባዬ! ሞላውን ለምነህ ጠብቀኝ፣ ስመጣ አብረን እንገጥመዋለን!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሰማው። አበበችም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማ ነበር። በሚቀጥለው ወር ሲለምኗት ግን እንደ ልማዷ ከሬሳ ሳጥኔ ላይ አለቻቸው፤ እንዲህ ማለቷ ደግ ነበር። ልጁ የሚመለስ ነዋ፣ ምን ያስቸኩላል?

ያን ጊዜ ስለ ነበርንበት ሁኔታ ብዙ የምለው የለኝም። የእድራችን ድንኳን ከአንዱ ደጅ ተነቅሎ ሌላው ደጅ ይተከላል። ባለቤቴ ገሠሠ የእድሩ ዳኛ ስለነበር የድንኳኑ እንጨት የሚቀመጠው እኛ ግቢ ነው፤ እሱን ሲያወጡ ሳይ ማን ሞተ ብዬ መጠየቅ ትቼ ነበር። አለቅሳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ እራት እሠራለሁ።

በ1978 መስከረም መጨረሻ ሎሚ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አባቷ ቤት መጣች። እናት ባይኖርም ወግ ነው። ገንፎውንም እጥበቱንም እኔ ያዝኩት። ሴት ልጅ ወለደች። ጋሼ ወዬሳ አራሷ እንዳትረበሽ ብለው መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልለው ይቀጠቅጡ ጀመር። "ለእኔስ መቼ ጨርቅ ጠቀለሉልኝ?" ብዬ ጮኽኩባቸው። ሳቁ።

ሎሚ ከወለደች ሳምንት ሳይሞላት ገሠሠ ደብረ ዘይት ሆስፒታል የተኛ ቁስለኛ ዘመዱን ጠይቆ መጣ። ምስር እየለቀምኩ ነበር። "ገርባ የለም" አለኝ። ቁስለኛው አብሮት ነበረ፣ በዓይኑ አይቷል፣ አፈር ያለበሰውም እሱ ነው። ምንም አልተሰማኝም። ምስሩን ለቅሜ ጨረስኩ፣ አጠብኩት፣ ጣድኩት። ከዚያ ነው ጨው መጨመሬን ሳላውቅ ሁለቴ የጨመርኩት።

የእድሩ ሰዎች በማግስቱ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። አራስ መርዶ አይነገራትም። ይሄ ማንም የማይከራከርበት ነገር ነው፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ራሷም ትታመማለች። አባትየውን ለብቻ ማርዳት ደግሞ አይቻልም፣ ቤቱ አንድ ነው። ክርስትና እስኪነሳ ይቆይ ተባለ። ወንድ ቢሆን በአርባ ቀኑ ነበር፤ ሴት ናትና ሰማንያ።

"ይሄ ሰፈር ያን ሁሉ ጊዜ አፉን ሊዘጋ?" አልኩ።

"ይዘጋል" አለ ገሠሠ።

እውነትም ተዘጋ፤ ሕፃናት እንኳ ትንፍሽ አላሉም። እጅን ግን ማን ይዝጋው? መጀመሪያ ባለ ሱቋ ዙለይካ ናት። ድሮ ባዶ የሰርዲን ጣሳ ሲለምኗት "ለጭልፋ መሥሪያ እፈልገዋለሁ" ትል የነበረችው ሴትዮ አንድ ኬሻ ሙሉ ጣሳ፣ ያውም አጥባ፣ ላከችላቸው። የቀበሌው ጥበቃ አንድ ቆርቆሮ ያልተከፈተ ቀለም አምጥቶ ደጃፋቸው ላይ አስቀመጠ። ቆርኪው በላስቲክ በላስቲክ መጣ። በመጨረሻ የገዛ ባሌ ደህናውን ጃንጥላ፣ አንድ ሽቦው እንኳ ያልተጣመመውን፣ ይዞ ሲወጣ በር ላይ ያዝኩት።

"አብደሃል? እንደወትሮው ሁኑ አላልኩም?"

"ምን ላድርግ ሸዋዬ፣ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።"

"ታዲያ አትያቸዋ! ጃንጥላ ስትሰጥ ጊዜ ሰውዬው ምን ይላሉ? የሐዲድ ብሎን ላልቶ ሲንቃጨል የሚሰሙ ሰው ናቸው እኮ!"

ሰጥቶ ተመለሰ። ወንዶች ኀዘን ሲይዛቸው ዕቃ ያድላሉ፤ ሌላ አያውቁም። እኔ ግን ምን እንደማደርግ ቆረጥኩ። ስድቤን አላቆምም። በየቀኑ አጥሩ ላይ ወጥቼ ከበፊቱ አብልጬ እሰድባቸው ጀመር። ሽማግሌ ነዎት አልኩ፣ ቤቱን የቆሻሻ መጣያ አደረጉት አልኩ። እሳቸውም ይሰሙኛል፣ ፊታቸው ፈታ ይላል። አንድ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ብቀር ራሳቸው በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

"ሸዋዬ፣ ዛሬ አልሰደብሽኝም።"

"አሞኝ ነው፣ ነገ እጥፍ አድርጌ እከፍልዎታለሁ" አልኳቸው።

"እንግዲያ ደህና" ብለው ገቡ። ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር።

ክርስትናው ሲቃረብ ለድግሱ ትልቅ ድስት ልዋስ አበበች ቤት ሄድኩ። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ጋሼ ወዬሳ ገቡ። የታጠበ ልብስ ለብሰዋል፣ ጢማቸውን ተላጭተዋል። ሰላም ብለውን ግራሞፎኑን ትክ ብለው አዩና፣ "አበበች፣ እንግዲህ ያን ሞላ ስጪኝ" አሏት።

እኔ በዓይኔ አፈጠጥኩባት። ሬሳ ሳጥን በያቸው፣ ስደቢያቸው፣ አባሪያቸው እያልኩ በሆዴ እለምናታለሁ። አበበች ወንበር ስባ ወጣች፣ ግራሞፎኑን አወረደች፣ አቧራውን በመቀነቷ ጠረገች፣ በጠረጴዛ ልብስ ጠቀለለችው።

"ሞላውን ብቻ እኮ ነው" አሏት።

"እንዳለ ይውሰዱት ጋሼ።"

ቆም ብለው አዩዋት። ከዚያ ታቅፈውት ወጡ። ከኋላቸው ስመለከት እግራቸውን እየመረጡ፣ ሐዲድ ላይ እንደሚሄዱ ዓይነት፣ በቀስታ ይራመዱ ነበር። ድስቱን ረስቼ ተመለስኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መዶሻው ቆመ። ግድግዳው ጭጭ አለ። ስንት ዓመት የተመኘሁት ዝምታ ነበር፤ መጣና እንቅልፍ ነሳኝ። አጥሩ ላይ ወጥቼ፣ "ምነው ጸጥ አሉሳ? ሰለቸዎት እንዴ?" አልኩ።

"ሞላውን እየፈታሁ ነው፣ እሱ ድምፅ የለውም" አሉኝ ከውስጥ። ብቅ አላሉም።

ክርስትናው ደመቀ። የሎሚ ባል ከቡልቡላ ዘመዶቹን ይዞ መጣ። ጋሼ ወዬሳ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው በየእንግዳው እየዞሩ አሳዩ፣ መረቁ፣ በልተው ጠጡ። እኛ የምናውቀው ሁላችን ግን ጉርሻው አልወርድ እያለን በውኃ እየገፋን እንውጥ ነበር። ሎሚ ሕፃኗን ከአባቷ እቅፍ ስትቀበል "ገርባ ቢያያት" አለች። "ያያታል" አሏት። ድምፃቸው አልተሰበረም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ገሠሠ ሰውን አስከትሎ፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሄድን። መርዶ እንዲህ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይደረስበታል። ልናንኳኳ ስንል በሩ ክፍት ነው። የባቡሩ ክፍል ተጠርጓል። ሐዲዱም፣ ጣቢያዎቹም፣ ቀያዮቹ ፉርጎዎችም ጓሮ ወጥተው ኬሻ ለብሰዋል። መደቡ የተሠራበት ሳንቃ በድንጋይ ላይ ተዘርግቶ ዙሪያውን የለቀስተኛ መቀመጫ ሆኗል። ጋሼ ወዬሳ ጋቢያቸውን ለብሰው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ግራሞፎኑ በዚያው በአበበች ጠረጴዛ ልብስ እንደተጠቀለለ አጠገባቸው ነው፤ ቋጠሮው አልተፈታም።

ገሠሠ አፉን ሳይከፍት እጃቸውን አነሱና አበበችን ጠሯት።

"ዕቃሽን ውሰጂ።"

"ምነው ጋሼ፣ ሞላው አልሆነም?" አለች። ሌላ ምን ትበል?

"አልነካሁትም" አሏት። "ያን ቀን የመጣሁት እምቢ እንድትዪኝ ነበር።"

አበበች እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንም አልጮኸም፤ የውስጠኛው ክፍል በር ገና ዝግ ነው፣ ሎሚ ከልጇ ጋር ተኝታለች። ጋሼ ወዬሳ ወደ እኔ ዞሩ።

"ሸዋዬ፣ ሎሚን አንቺ ቀስቅሻት። ሕፃኗን ግን አስቀድመሽ ተቀበያት።"

ገባሁና ሕፃኗን ተቀበልኳት።